ከትንሿ ክፍል የተሰማው መቃተት

ጥቅምት 3 ቀን

ይድረስ ለምወድዎት ለአያቴ፣ ለአባባ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱልኝ? ወገብዎ፣ ጉልበትዎ እንዴት ነው? አክስቴስ ደህና ናት? እኔ ከናፍቆት በስተቀር የጎደለብኝ የለም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን እርስዎ ውሸት ከፖስታው ሳይወጣ ስለሚያሸቱ ተውኩት። የጎደለብኝ አለ።

ሥራዬን ያውቁታል። ሰው ጆሮው ሲደክም ወደ እኔ ይመጣል። ግድግዳዋ በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ፣ ከቁም ሣጥን ትንሽ የምትሰፋ ክፍል አለችኝ። እዚያ አስቀምጠዋለሁ፣ ማዳመጫ በጆሮው አደርግለታለሁ፣ አንዲት ቁልፍ በእጁ አስይዘዋለሁ። ከዚያ በመስታወት ማዶ ሆኜ ድምፅ እልክለታለሁ፤ መጀመሪያ ጎላ ያለ፣ ቀስ በቀስ እየቀጠነ፣ እየቀጠነ የሚሄድ። በሰማ ቁጥር ቁልፏን ይጫናል። በቀን አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ሰው እንዲህ አደርጋለሁ።

አባባ፣ በዚህ ከተማ ከእኔ ክፍል ይበልጥ ጸጥ ያለ ቦታ የለም። ስለዚህ በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ እገባና በሩን ዘግቼ ልጸልይ እቀመጣለሁ፤ እንደ እርስዎ መሆኔ ነው። ታዲያ ምን እሰማለሁ? ሆዴ ሲያጉረመርም። ልቤ ሲመታ። ቀጥሎ «የጠዋቷን ሴትዮ ወረቀት የት አደረስኩት?» የሚል ሐሳብ ይመጣል። ስልኬ ሳይነዝር የነዘረ ይመስለኛል፤ አውጥቼ አየዋለሁ፤ ምንም የለም፤ እመልሰዋለሁ። «ጌታ ሆይ» እላለሁ። ከ«ሆይ» ቀጥሎ የሚመጣልኝ ቤት ውስጥ ሳሙና ማለቁ ነው። እንዲህ እንዳለሁ ምሳ ሰዓት ያልቃል።

ድሮ እንዲህ አልነበርኩም። ስጸልይ አንድ ሰው አጠገቤ የተቀመጠ ያህል ይሰማኝ ነበር። አሁን ባዶ ወንበር የማናግር ይመስለኛል። ለማንም አልተነፈስኩም። እሁድ እሁድ በቤተ ክርስቲያን ሃያ ሕፃናት አስተምራለሁ፤ «እግዚአብሔር ቅርብ ነው» ስላቸው ዓይናቸውን ላለማየት ወደ መስኮቱ እዞራለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። እርስዎ በየቀኑ ከምሳ በኋላ ትንሿ ክፍል ገብተው ያንን ከባድ በር ይዘጉና አንድ ሰዓት ሙሉ ይቆያሉ። እዚያ ውስጥ እንዴት አድርገው ነው የሚጸልዩት? ሐሳብዎ እንዳይበተን ምን ያደርጋሉ? ይንገሩኝ።

ቆቅዎ

---

ጥቅምት 27 ቀን

ለልጅ ልጄ፣ ለቆቄ፣ ለቤተሰባችን ብቸኛ የጆሮ ሐኪም፤

ሰላምታዬ ፖስታ ቤት ውስጥ ሳይጠፋ ይድረስሽ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ባል ቢጨምርበትም አልቃወምም። ስለ ወገቤ ጠይቀሻል፤ ወገቤ ደህና ነው፣ የማንስማማው እኔና እሱ ነን። አክስትሽ እንደ ወትሮዋ ናት። አባቴን እጦራለሁ እያለች ታወራለች፤ እኔም ማን ማንን እንደሚችል አውቄ ዝም እላለሁ።

ዝናቡ ሰንብቶ በሮቹ ሁሉ አብጠውብኛል። የትንሿ ክፍል በርማ ሲዘጋም ሲከፈትም ትግል ሆኗል። አርባ ዓመት የሰው በር ስሠራ የኖርኩ አናጢ በገዛ በሬ ስደፋ ማየት ለአክስትሽ ትልቅ መዝናኛ ነው። መላጊያዬን ስዬ አንድ ቀን አስተካክለዋለሁ።

ስለ ጸሎት የጠየቅሽውን አንብቤዋለሁ። ትልቅ ጥያቄ ነው። ትልቅ ጥያቄ ቀስ ተብሎ ነው የሚመለስ። ለጊዜው ምሳሽን በልተሽ ግቢ፤ ቢያንስ የሆድሽ ማጉረምረም ይቀርልሻል።

ካላስቸገርኩሽ ያንን ጠፍጣፋ የአናጢ እርሳስ ሁለት ላኪልኝ። እዚህ ያለው ገና ሳይሰመርበት ይሰበራል።

አያትሽ

---

ኅዳር 18 ቀን

ይድረስ ለአባባ፤

ሰላምዎ ይብዛልኝ። እርሳሶቹን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። እኔ የለመንኩት ግን አልደረሰኝም። ቀልድዎን እወደዋለሁ፤ ይሁን እንጂ ሲያመልጡኝም በቀልድ እንደሆነ አውቃለሁ።

ደግሞም ባለፈው አክስቴ ስልኩን በግድ ስትሰጥዎት ስለ ጉልበትዎ ብጠይቅ ስለ አየሩ መለሱልኝ፤ ስለ አየሩ ብጠይቅ «እሺ፣ እነግራታለሁ» አሉኝ። ስልክ የማይወዱት ለምን እንደሆነ ገብቶኛል። ጆሮዎን ይመርመሩ። የሰው አገር ሰው ጆሮ እያከምኩ የአያቴ ጆሮ ሲደክም ዝም ብዬ ላይ?

አሁን ወደ ነገሬ። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለሁ እናንተ ቤት የከረምኩበትን ጊዜ ያስታውሳሉ? ከምሳ በኋላ እርስዎ ሲገቡ እኔ በሩ ሥር ቁጭ ብዬ ጆሮዬን እንጨቱ ላይ እለጥፍ ነበር። ከውስጥ መቃተት ይሰማኛል። ረጅም ነው፣ ጥልቅ ነው፤ ይነሣል፣ ይወርዳል፣ ለአፍታ ጸጥ ይላል፤ ከዚያ ነፍስ ይዞ የሚወጣ የሚመስል ሌላ መቃተት። ፈርቼ ነፍሷን ይማርና እማማን «አባባ አሟቸዋል እንዴ?» አልኳት። ጣቷን ከንፈሯ ላይ አድርጋ፣ «አልታመሙም። በጸሎት እየቃተቱ ነው። አትረብሺያቸው» አለችኝ።

አባባ፣ እኔ እግዚአብሔርን ያወቅሁት ከዚያ በር ሥር ነው። አንድ ሰው እንዲህ የሚቃትትለት ነገር እውነት መሆን አለበት ብዬ ነው። እስከ ዛሬ ስጸልይ የምፈልገው ያንን ድምፅ ነው። ከእኔ የሚወጣው ግን የሳሙና ሐሳብ ብቻ ሆነ።

ወስኛለሁ። በታኅሣሥ የመጨረሻው እሁድ ለመጋቢያችን እነግራቸዋለሁ፤ ሕፃናቱን ሌላ ሰው ይረከበኛል። እውነቱን ልንገርዎትና ከዚያ በኋላ እኔም ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመልሼ የምሄድ አይመስለኝም። ባዶ ወንበር እያናገሩ ለሕፃናት «ሰው አለበት» ማለት ደክሞኛል።

ቆቅዎ

---

ታኅሣሥ 5 ቀን

ለቆቄ፤

ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ዛሬ ካረዘምኩት ዋናውን ሳልጽፍ ወረቀቱ ያልቅብኛል።

በዚያች ክፍል ውስጥ እተኛለሁ።

ደግመሽ አታንብቢው፤ አይለወጥም። ድርቅ ብዬ፣ አፌን ከፍቼ፣ እተኛለሁ።

የመጀመሪያው ቀን የገባሁት የእውነት ልጸልይ ነበር። መጋዝ ቤቱ ገና አዲስ ነበር፤ ሥራው እያደር ይጥለኛል፣ ቤቱ በልጆች ጩኸት ይታመሳል። ለፈጣሪዬ አንድ ሰዓት ብዬ ተንበረከክሁ። ግንባሬን ፍራሹ ላይ አሳረፍኩ። ጥፋቱ የፍራሹ ነው። ስነቃ አያትሽ እማማ ደጅ ላይ ማዶ ያለውን ልብስ ሰፊ «ቆይ እንጂ፣ በጸሎት ላይ ናቸው» ስትለው ሰማሁ። የምሯን ይሁን እኔን ለማዳን እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ልጠይቃት ሳልደፍር ቀደመችኝ።

በማግስቱ ልብስ ሰፊው መጥቶ ቆቡን አውልቆ፣ «ሚስቴ አልጋ ይዛለች። አንተ የጸሎት ሰዓት እንዳለህ ሰምቻለሁ፤ ስሟን አንሣልኝ» አለኝ። ምን ልበለው? እሺ አልኩ። ገባሁ። ስሟን ጠራሁ። ተኛሁ። ሴትዮዋ ዳነች! ከዚያ ወዲያ ማን ያቆመኛል? የታመመ፣ የተጣላ፣ ፈተና ያለበት፣ ሁሉም ወደ እኔ። በቤተ ክርስቲያንም «የጸሎት አባት» ተባልኩ። እውነቱን መናገር በመጀመሪያው ቀን ቀላል ነበር፤ በሳምንቱ ከበደ፤ በዓመቱ ጭራሽ አልተቻለም። ይኸው ሠላሳ አንድ ዓመት።

ስለ መቃተቱ ደግሞ ስሚኝ። እኔ እንደማላንኮራፋ እርግጠኛ ነበርኩ። ደብዳቤሽ ሲደርስ አክስትሽን ጠራሁና፣

«ከምሳ በኋላ ስገባ ድምፅ አሰማለሁ እንዴ?» አልኳት።

ባልዲውን አስቀምጣ አየችኝ። «አባዬ፣ ይህን ዛሬ ነው የሚጠይቁኝ?»

«መልሺ እንጂ!»

«መስኮቱ ይንቀጠቀጣል እኮ። እኛ ልጆችዎ ከጥንት ጀምሮ እናውቃለን፤ ያሳዝኑን ነበርና ዝም አልን።» ይህን ብላ ሳቋ ስለጣላት የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቁጭ አለች።

እንግዲህ በዚህ ቤተሰብ ያልገባን ሁለት ሰዎች ብቻ ነን። አንቺ ይጸልያል ብለሽ፣ እኔ ማንም አያውቅብኝም ብዬ።

ይህን ለመጻፍ ሦስት ቀን ፈጀብኝ። አንደኛው ቀን ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ስለ ጸሎት የሚያምሩ ነገሮች የሞሉበት። አንብቤው እኔም ተነካሁ። ቀደድኩት። አንቺ በእኔ መቃተት ራስሽን ለክተሽ አጠርኩ ብለሽ ልትወጪ ነው። መለኪያው ደግሞ የእንቅልፍ ነው። ማስመሪያው ጠማማ መሆኑን እያወቀ ዝም ብሎ የሚያሰምር አናጢ ከእንጨቱ ይልቅ እሱ ይጠየቃል። አንቺ ከምትጠፊ ስሜ ይጥፋ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ማን ነበር ብትይ፣ እኔ አልነበርኩም። እሱ ግን ሳይኖር አልቀረም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ማንኮራፋት ችሎ የሚቀመጥ ሌላ ማንም አላውቅም።

እባክሽ እሁዱ ሳይደርስ ይህ ይድረስሽ።

አያትሽ

---

ጥር 14 ቀን

ለቆቄ፤

መልስ የለም። ፖስተኛው ቤታችን ጋ ሲደርስ ብስክሌቱን ማፍጠን ጀምሯል፤ ደጅ ላይ ቆሜ ስለማፈጥበት ነው። ተናደሽ ከሆነ ተናደጂ፤ ይገባኛል። ስድብም ቢሆን ጻፊልኝ። ዝምታሽ ግን አልተቻለኝም።

አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ብትፈልጊ ሳቂብኝ። ደብዳቤውን ከላክሁ ጀምሮ እዚያች ክፍል ውስጥ እንቅልፍ እምቢ ብሎኛል። ፍራሹ ያው ፍራሽ ነው። ግንባሬን አሳርፋለሁ፤ ዓይኔ ፍጥጥ ይላል። የማደርገው ስላጣሁ ጸለይኩ። «ያቺን ልጅ አደራ» አልኩ። ወዲያው የበሩ ማጠፊያ ትዝ አለኝ፤ ብሎኑ ላልቷል። ተመለስኩ። «ያቺን ልጅ።» አክስትሽ ድስቱን አሳረረችው መሰለኝ፤ አሸተትኩ። ተመለስኩ። «ያቺን ልጅ…» ቆቄ፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ስንት ጊዜ እንደወጣሁና እንደተመለስኩ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው።

ለካስ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ። መጋዝ ከመስመር ይወጣል። የእኔም ወጥቷል፣ የአስተማሪዬም ይወጣ ነበር። ወጣ ብሎ እንጨቱን የሚጥል አናጢ ግን አላየሁም። ቀና አድርገሽ ወደ እርሳሱ ምልክት ትመልሺዋለሽ፤ ትቀጥያለሽ። በሩ ሲያልቅ ስንት ጊዜ እንደመለስሽው ማንም አይጠይቅሽም። ይህን አርባ ዓመት ሠርቼ፣ ጸሎትም እንዲሁ መሆኑ ዘንድሮ ገባኝ። የሚሄድ ሐሳብ ያለው ሰው የሚመለስበት ቦታም አለው ማለት ነው።

ልብስ ሰፊው ዘንድም ሄድኩ። ከስፌት መኪናው አጠገብ ቆሜ ሁሉንም ነገርኩት። እግሩን ከመርገጫው ሳያነሣ ሰማኝ።

«ሚስቴ አልጋ በያዘች ጊዜም ተኝተህ ነበር?»

«ስሟን ጠርቼ፣ ከዚያ ተኛሁ።»

«እሷ ግን ተነሥታለች።»

«ተነሥታለች።»

«ታዲያ ምስጋናውን ሠላሳ አንድ ዓመት ለተሳሳተ ሰው ነው የሰጠሁት በለኛ!» አለና ሳቀ። ቀጥሎ «ቁጭ በል፤ የኮትህ ቁልፍ ሊወድቅ ነው» ብሎ ቁልፌን ሰፋልኝ። ያን ያህል ዓመት የፈራሁት ነገር አንድ ቁልፍ እስኪሰፋ ድረስ አለቀ።

የቀረሽኝ አንቺ ነሽ።

አያትሽ

---

ጥር 30 ቀን

ይድረስ ለአባባ፤

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ያልጻፍኩት ተናድጄ ነው። እርስዎ እንዳሉት ቁጭ ብዬ አነበብኩት፤ የተቀመጥኩትም በዚያችው ክፍሌ ውስጥ ነበር። ዓርብ ደረሰኝ፤ እሁዱ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። እኔ ድምፅ መለየት ሙያዬ የሆነ ሰው ሃያ ሰባት ዓመት በአንድ ማንኮራፋት ፊት አንገቴን ደፍቼ ኖርኩ! ማዳመጫውን ግድግዳው ላይ ልወረውር ምንም አልቀረኝም።

እሁድ ሕፃናቱን ላስረክብ ሄድኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ሃያ ጥንድ ዓይን ሲያየኝ ጠፋብኝ። ሌላ የምናገረው ስላጣሁ ስለ እርስዎ ነገርኳቸው፤ በሩን፣ መቃተቱን፣ ፍራሹን፣ ሁሉንም። አንዲቷ ትንሽ፣ «እንዴት ነበር የሚያንኮራፉት?» አለችኝ። አሳየኋት። እሷም ሞከረች። ከዚያ ሃያውም ጭንቅላታቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳርፈው ማንኮራፋት ጀመሩ። መጋቢያችን በሩን ከፍተው ደርቀው ቀሩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«የአባባን ጸሎት እየጸለይን ነው!» አለች ያቺ ትንሽ።

አባባ፣ የሳቅሁት ሳቅ ወደ እንባ ሄደ። መጋቢው በኋላ ጠርተው «የምትነግሪኝ ነገር አለሽ ተብዬ ነበር» አሉኝ። «ለሌላ ጊዜ ይሁን» አልኳቸው። የሚሰማኝ ነገር አልነበረም፤ ግን ከዚያ ሁሉ ማንኮራፋት መካከል ትቻቸው መውጣት አልሆነልኝም።

ለእርስዎ ግን ቂሜን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ የጥር ደብዳቤዎ ከትናንት በስቲያ ደረሰኝ፤ በዚያው ቀን ደግሞ አንድ ሽማግሌ ለምርመራ መጡ። ክፍሏ ውስጥ አስቀመጥኳቸው፤ ድምፅ እልካለሁ፣ ቁልፉን አይጫኑም። በመስታወቱ ባያቸው ትንፋሻቸውን ይዘው ፊታቸው ደም መስሏል። በማዳመጫው፣ «ይተንፍሱ እንጂ!» አልኳቸው።

«ድምፁ እንዳያመልጠኝ ነው።»

«ትንፋሽዎን ሲይዙ ልብዎ ይጮህብዎታል፤ ያኔ ነው የሚያመልጥዎት። ዝም ብለው ይተንፍሱ። ደግሞ በጣም ቀጭን ቢሆንም፣ እርግጠኛ ባይሆኑም፣ የሰሙ ከመሰለዎት ይጫኑ።»

ይህን በቀን አሥራ አምስት ጊዜ ነው የምናገረው። ያን ቀን ግን የገዛ ድምፄ መስታወቱን አልፎ ወደ እኔ የተመለሰ መሰለኝ።

ምሳዬን በልቼ ገባሁ። ተነፈስኩ። ያው ሳሙናው መጣ። «ጌታ ሆይ፣ ሳሙና አልቋል» አልኩ። የጠዋቷ ሴትዮ መጣች፤ ስሟን ነገርኩት፤ ጆሮዋን እንዲያስብላት ለመንኩት። እርስዎ ናፈቁኝ፤ እሱንም ነገርኩት። የሚመጣውን ሁሉ ሳላባርር ይዤለት ሄድኩ። እንደ ድሮው ሆነልኝ አልልዎትም። ወንበሩ ግን ባዶ አልመሰለኝም። እርግጠኛ አይደለሁም፤ ግን የሰማሁ መሰለኝ፤ ተጫንኩ።

ይቅር ብዬዎታለሁ፤ በአንድ ቅጣት። በዚህ ሳምንት ጆሮዎን ይመርመሩ። እምቢ ካሉ የአባባን ጸሎት የሚችሉ ሃያ ሕፃናት አሉኝ፤ ድምፃቸውን ቀድቼ ለቤተ ክርስቲያንዎ እልካለሁ።

ቆቅዎ

---

መጋቢት 6 ቀን

ለቆቄ፣ ለክብርት ዳኛዬ፤

ደብዳቤሽን ደጅ ላይ ቆሜ አነበብኩት፤ ፖስተኛውን አቅፌው ደነገጠ። በረከት ይብዛልሽ፤ ሳሙናም አይለቅብሽ።

ቅጣቴን ፈጽሜያለሁ። ከጆሮዬ ኋላ ባቄላ የምታህል መሣሪያ ተሰክታብኛለች። ከእንግዲህ እርሳስ አልጠይቅሽም፤ ባትሪ ነው የምለምንሽ። ቤት ስገባ መጀመሪያ የሰማሁት ምን መሰለሽ? የትንሿን ክፍል በር። እንዴት ያለ ጩኸት! «ይህ በር ከመቼ ጀምሮ ነው የሚያለቅሰው?» ብላት አክስትሽ፣ «ስምንት ዓመቱ ነው፤ አናጢው ቤት ውስጥ እያሉ እኔ ምን አገባኝ ብዬ ነው» አለችኝ። አፍሬ መላጊያዬን አወጣሁ፤ ማጠፊያውን ዘይት አጠጣሁት፤ ያበጠውን ላግሁት። ትንሽ አብዝቼ ሳልልገው አልቀረሁም፤ አሁን ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይቀራል። አውቀው ነው ወይስ እጅዎ ስቶ ብለሽ አትጠይቂኝ።

ትናንት ከምሳ በኋላ ገባሁ። እንቅልፌ ተመልሶልኛል፤ አብዛኛውን ቀን ሁለት ቃል ብዬ እወድቃለሁ፤ ፈጣሪዬም ለምዶኛል። ትናንት ግን አልተኛሁም። ጸሎቱ በደንብ ይዞልኝ ነበር። ማጠፊያው አልመጣ፣ ድስቱ አልመጣ። ዝም ብዬ እየተነፈስኩ ሳለሁ ልብስ ሰፊው ደጅ ላይ ደረሰ። ሁሉም ነገር በዚያ ክፍተት ይሰማኛል።

«አናጢው አለ?» አለ።

አክስትሽ አሁን በቤታችን ውሸት ስለቀረ ደረቷን ነፍታ መለሰች፦ «አባዬ ተኝተዋል።»

ብድግ ልል ነበር! «አልተኛሁም፣ ዛሬስ እየጸለይኩ ነው!» ልል አፌን ከፈትኩ። ሳቄ ቀደመኝ። አፌን በፍራሹ አፍኜ ሳቅሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት ተኝቼ ጸለየ ስባል ዝም ያልኩ ሰውዬ፣ አንድ ቀን ጸልዬ ተኛ ብባል ምን እሆናለሁ? ልብስ ሰፊውም «ተዪው፣ ይረፍ» ብሎ ሄደ። የእግሩን ኮቴ እስከ መንገዱ ማዶ ድረስ ሰማሁት።

እኔም ወዳቆምኩበት ተመለስኩ። አንቺ ጋ ነበር ያቆምኩት።

አያትሽ